«የጃፓን ሕግ ነው» ያለኝ የአገሬ ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ አራት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ እዚሁ ለንደን ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ አላውቅም። ይሄን ግን አልረሳሁትም። እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ይሄ ሲነሳ ግን ፊቴ ይግላል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ አጻጻፌ ከተንጋደደ ይቅር በሉኝ። ለንደን የመጣሁት የአንድ የኤምባሲ ሰው ልጆች ላሳድግ ነበር። እነሱ ወደ አገር ሲጠሩ እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረሽ ካላችሁኝ ሌላ ረጅም ወሬ ነውና ይለፈን።

ያኔ ስቶክዌል አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበት ወጥ ቤት ነው። ሰሃን አጥባለሁ፣ አትክልት እልጣለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ገብቼ አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ። የምሳ ዕረፍቱ ሲቀነስ ስምንት ሰዓት ሥራ መሆኑ ነው።

ያስቀጠረኝ ግርማ የሚባል የአገራችን ልጅ ነበር፤ የወጥ ቤቱም የጽዳቱም ሱፐርቫይዘር እሱ ነው። ከረባት የማይለየው፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስ ሰው። እኔን «እማማ» ነው የሚለኝ። ጠዋት ጉንጬን ሳይስም ሥራ አይጀምርም። የደሞዛችንንም ኤንቨሎፕ የሚያድለን እሱው ነበር።

በዚያን ጊዜ ልጄ ትርሲት የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ካርቱም በስደት ላይ ነበረች። ክሮይደን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ስመላለስ ከርሜ፣ ስንቱን ፎርም አስሞልቼ፣ በስንት ልመና የመግቢያ ፈቃድ ወጣላቸው። ፈቃዱ ግን ቀን ተቆርጦለታል። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልገቡ ይቃጠላል። የጎደለን የአውሮፕላን ቲኬቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ግርማ «እማማ፣ ዛሬ እንግዶች አሉ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» ባለኝ ቁጥር ደስ እያለኝ እቆይለት ነበር። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ሳደርግ ቆየሁ። ኤንቨሎፑን ስከፍተው ግን ያው የድሮው ነው፤ ሳንቲም አልተጨመረበትም። በመጨረሻ ጠየቅሁት።

«ኦቨርታይም?» ብሎ ሳቀ። «እማማዬ፣ እነዚህ እኮ ጃፓኖች ናቸው። ውላችን የሚሄደው በእነሱ አገር ሕግ ነው። በጃፓን ሕግ ደግሞ ኦቨርታይም የሚባል ነገር የለም። እነሱ ለኩባንያቸው ዝም ብለው ነው የሚለፉት።»

«እንግሊዞቹ ይከፈለናል ሲሉ እሰማለሁ።»

«እሱ የእንግሊዝ ነዋ! ይልቅ ነገሩን አያንሱት። ከተነሳ እርስዎም እኔም በር ላይ ነን።»

አመንኩት። የጃፓንን ሕግ እኔ ከየት አግኝቼ ቼክ አደርገዋለሁ?

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ ምግብ አብሳይ ነበሩ። የእኔ እንግሊዝኛ አሥር ቃል ቢሆን የእሳቸው አሥራ ሁለት ነው። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ በፈገግታና በእጅ ነበር የምንግባባው። በሰኔ አንድ ቀን ሁለታችንም እንግዳ አስተናግደን ስንጨርስ፣ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ጫር አደረጉ። ምንድነው ብዬ በአገጬ ጠየቅኋቸው።

«ኦቨርታይም» አሉኝ።

«ጃፓን፣ ኖ ኦቨርታይም» አልኳቸው።

ሽማግሌው ክው አሉ። ከዚያ እንደ ክንድ የሚረዝም የጃፓን ፍጁል አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ ቀለሙ ነጭ ሆነ እንጂ ካሮት ይመስላል። እኩል እኩል አድርገው ስምንት ቁራጭ ቆረጡና ደረደሩት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያሳዩኛል። ዘጠነኛውን ቆርጠው ለብቻው አስቀመጡ። ደግሞ ሌላ አንድ ቆረጡና አራት ቦታ ከፈሉት፤ አንዷን ሩብ አንስተው ከዘጠነኛው አጠገብ አኖሯት። አሥረኛውንም እንዲሁ፣ ከነሩቡ።

«ጃፓን ሎው» አሉና ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። ጣታቸውንም ወደ እኔ አድርገው፣ «ዩ፣ ሴም» አሉኝ።

ፊደል ባልቆጥርም ሩብ ሲጨመር አይጠፋኝም። የድንች ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ለግርማ ነገርኩት። ፊቱ ትንሽ ለወጥ አለና መልሶ ሳቀ። «እሺ ይከፈል እንበል። ስንት ሰዓት እንደቆዩ በምን ያውቃሉ? እርስዎ አይጽፉ!»

ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

እኔ ቀን የምይዘው በታቦት ነው። እናቴም እንደዚያው ነበረች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አጠገቤ ያለውን ክፍል የተከራየችውን ተማሪዋን ሰብለን «ልጄ፣ ብዕር አምጪ» አልኳት። እሷ የአገራችንን ቀን ከፈረንጁ እያስታረቀች ትጽፋለች፣ እኔ እላታለሁ። የግንቦት ልደታ፣ ሁለት ሰዓት። በአቦ፣ አንድ። በሚካኤል፣ ሦስት። በጊዮርጊስ ሁለት፤ እሱን ቀን አውቶቡስ ጠፍቶ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል በዝናብ በእግሬ ነው የገባሁት፣ በምን እረሳዋለሁ? በመድኃኔዓለም ሁለት። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሠላሳ አንድ ቀን ወጣ።

«ነገ ጠዋት ይዘነው ማናጀሩ ዘንድ እንሂድ» አለች ሰብለ።

«የወንዜን ልጅ ለባዕድ አሳልፌ አልሰጥም» አልኳት። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ለማንም አላሳብበውም።

ነገሩን ወደ ሽማግሌዎች ወሰድኩት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ተቀመጡ፣ ግርማ ተጠራ። አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ እናቴ ናቸው፤ ጃፓኖቹ አልከፈሉም እንጂ እኔ ጠይቄ አስከፍላለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ» አለ። አንድ እሁድ ሄደ። በሁለተኛው እሁድ አመመኝ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው መጥቶ «ደብዳቤ ጽፌያለሁ» አለ። በአራተኛው ደግሞ «ማናጀሩ ዕረፍት ላይ ነው» አለ።

«የልጄ ፈቃድ ሊቃጠል ነው» አልኳቸው።

«ታገሽ እንጂ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ገመናችንን አደባባይ አናውጣ። አንቺም እናት ነሽ።»

እናት ስለሆንኩማ ነበር የምጮኸው! ግን ሽማግሌ ረግጦ መሄድ አልተማርኩም፤ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ሐምሌ አለቀ፤ ፈቃዱም አብሮ አለቀ።

በነሐሴ የመጀመሪያው ሰኞ ከሰብለ ጋር ማናጀሩ ቢሮ ገባሁ። ጸጥ ያለ፣ ወጣት የሚመስል ጃፓናዊ ነው። የሰብለን ወረቀት አየና ተነስቶ ከመደርደሪያ አንድ ፋይል አወረደ። በር ላይ ዘበኛው የምንወጣበትን ሰዓት ይመዘግብ ኖሯል፤ ሁሉም እዚያ አለ። አንድ በአንድ አመሳከሩት። ሠላሳ አንዱም ገጠመ። እንዲያውም የእሱ ሠላሳ ሁለት ሆነ፤ የሰኔን መርቆሬዎስ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ማናጀሩ ሌላ ወረቀት ለሰብለ አሳያት። «ምን ይላል?» አልኳት።

«እማማ፣ ተከፍሏል ይላል። በየወሩ፣ ከነሩቡ። የፈረሙበትም ይኸው።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ከስሜ ሥር ጥምዝምዝ ያለች ያማረች የእንግሊዝኛ ፊርማ ተቀምጣለች። እኔ እኮ ያኔ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። አውራ ጣቴን አንስቼ ለማናጀሩ አሳየሁት። ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ቀላ፣ ከወንበሩ ተነሳና ፊት ለፊቴ ወገቡን አጥፎ ቆየ። በዚያው ሳምንት ኩባንያው ገንዘቤን ድጋሚ ከፈለኝ። ግርማም ከሥራ ወጣ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም።

አዲስ ፈቃድ ለማውጣት ዘጠኝ ወር ፈጀ። በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ የልጅ ልጄን ካርቱም ላይ ክፉ ወባ ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፤ አንድ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ኤርፖርት ልቀበላቸው ሄጄ ከጎኗ ሆኜ ስሟን ስጠራት ዞር አላለችም። አፍራኝ መሰለኝ። በዚያ በኩል እንደማትሰማ ትርሲት ነች ቀስ ብላ የነገረችኝ።

ሽማግሌዎቹም ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ሊጠይቁኝ መስሎኝ ተነስቼ ተቀበልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ እንደተቀመጡ፣ «የሰው እንጀራ ዘጋሽ፤ ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ አስወጥቼ በር የዘጋሁት ያን ቀን ነው።

ግርማን ዛሬም አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ። ጸጉሩ ሸብቷል። «እማማ፣ እንደምን አሉ?» ይለኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጉንጬን ግን አልሰጠውም። የንስሐ አባቴ «ይቅር በዪው» ይሉኛል። ገንዘቡን ይቅር ብየዋለሁ። ስለ ልጂቱ ጆሮ ግን ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም፣ ጆሮው የእኔ አይደለማ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እነዚያ አራት እሁዶች ናቸው፤ እዚያ ቁጭ ብዬ አንገቴን የደፋሁባቸው። አሁን ዕድሜዬን አይተው እኔንም ለሽምግልና ይጠሩኛል። የባልና ሚስት ከሆነ እሄዳለሁ፣ የእድር ከሆነም እሄዳለሁ። ደሞዟን ተከልክላ የመጣች ልጅ ስትሆን ግን አልቀመጥም። ወረቀትሽን ያዥ እላትና በማግስቱ ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ አብሬያት ወደ ቢሮው እሄዳለሁ።