ማይክ ያስነጠቀኝ የምንጭ ጥያቄ

ዛሬ ግራና ቀበሌ አዳራሽ፣ በስብሰባ መሀል «ማይኩን ተቀበሏት!» ተባለብኝ።

ወልድያ የማስተምር የውሃ ባለሙያ ነኝ። ከመሬት ስር ከሰል የሚያወጣ ድርጅት የሸለቆውን ውሃ ጎድቶ እንደሆነ አጥኚልን ብለው የግራና ነዋሪዎች ጠይቀውኝ፣ ያገኘሁትን ልናገር ነበር የሄድኩት።

የድርጅቱ ተወካይ ቀደመኝና «የመንደሩን ምንጭ ያደረቀው ድርቅ ነው» አለ።

«ታዲያ ከቁፋሮው በላይ ያለው ምንጭ ለምን አልደረቀም? ዝናቡ እኮ አንድ ነው» አልኩት።

ማይኩ የተወሰደው ይኼኔ ነው። (አስተማሪን ማይክ በመቀማት ዝም ማሰኘት እንደማይቻል አልነገሯቸውም።)

ሰብሳቢው «ቁጭ በይ!» ሲለኝ፣ ውሃ የደረቀባቸው እማማ ዘሀራ ብድግ አሉ።

«ወላሂ አትቀመጥም! ይኸ ድርቅ የኛን ምንጭ ብቻ ለይቶ ነው የመጣ?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ተወካዩ ግን አልሳቀም።

ከስብሰባው በኋላም «ከጥናትሽ ውስጥ ‹ምንጩን ያደረቀው ቁፋሮው ነው› የምትለውን አንቀጽ ብታወጪው ለሁላችንም ይሻላል» ብሎ ለብቻዬ መከረኝ።

አላወጣሁም፤ አላወጣም። ጥናቱን እንዳለ ለቀበሌውም ለወረዳውም አስገብቼ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። እማማ ዘሀራም «እኛም አቤት ለማለት ወረዳ ድረስ እንከተልሻለን» ብለውኛል።

በእናንተስ አካባቢ፣ ሰው ያደረቀውን ውሃ በሰማይ ያሳበበ አለ? ምን አላችሁት?