በግ የነፋሁበት ኮምፕሬሰር

ደሴ የምኖር ሹፌር ነኝ። አሮጌ ፒካፕ ላንድክሩዘር አለችኝ፤ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ ገጠሮች ድንች፣ ሽንኩርትና ሰው አመላልስባታለሁ። ብዙ የማፍርበት ነገር ሠርቼ ይሆናል፤ ሳስታውሰው ምራቄ የሚመረኝ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም በሚስቴ ታናሽ እህት ሠርግ ዋዜማ የሠራሁት ነው።

የገጠር መንገድ ጎማ ይበላል። በበልግ ጭቃው ሲበረታ ያለው መላ የጎማውን ንፋስ መቀነስ ነው፤ ጎማው ጠፍጠፍ ይልና ጭቃውን ይይዛል። ጣጣው የሚመጣው ከጭቃው ከወጡ በኋላ ነው። በረገበ ጎማ ድንጋይ ላይ ከነዱ ጎማው ይቀደዳል፤ ንፋስ የሚሞላ ጎሚስታ ደግሞ ያለው ከተማ ነው። በዚህ ተማርሬ ኮምቦልቻ ወረድሁና አንድ መካኒክ ዘንድ ኮምፕሬሰር አስገጠምሁ። ሰውየው የአንድ አሮጌ መኪና የአየር ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ፈትቶ ከሞተሬ ጋር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ አገናኘው። ከጭነት መኪና የወረደ የአየር ታንከር አምጥቶም ዕቃ ከሚጫንበት ከካሶኒው ሥር አሰረልኝ። ሞተሩ ሲነሳ ታንከሩ ይሞላል፤ ከዚያ ረጅሙን ቱቦ ሰክቶ በረሃም ይሁን ገደል አፋፍ ጎማ መንፋት ነው።

ስረከበው መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ስማኝ፣ ይቺ ኮምፕሬሰር ዘይት ትተፋለች" አለኝ። "አየሩም ውሃ ያዝላል። ታንከሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየቀኑ ክፈታት፤ ያለበለዚያ ውስጡ ይዝግና ይገማል።"

አንድ ሳምንት በየማታው ከፈትሁ። ከዚያ ሰለቸኝ። ጎማው እስከተነፋ ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያያል?

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በልጉ ሳያባራ ነበር። የአማቶቼ ቤት ከኩታበር አልፎ፣ መኪና እንደልቧ የማትገባበት መንደር ውስጥ ነው። ሚስቴንና የሠርጉን ዕቃ ጭኜ ከደሴ ወጣን። ከኩታበር ወዲያ ጭቃው ጀመረ፤ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀነስሁና እየተንሸራተትን አለፍን። አማቶቼ ደጅ ስደርስ ቱቦዬን አውጥቼ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መንፋት ያዝሁ። የመንደሩ ሰው ከበበኝ። ታንከሩ ሲተነፍስ ሴቶቹ ደንግጠው ይስቃሉ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደረቴ ተነፋ።

ከሚያዩት መሐል የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነበር። የዕርዱ ኃላፊ እሱ ነው። ነገር የሚያውቅ፣ ከእሱ በላይ ሐሳብ ሲመጣ የማይወድ ሰው ነው። በሬው ታርዶ ብልቱ ወጥቷል፤ አራት በጎች ደግሞ ለሙሽራው አጃቢዎች ተለይተው ገና መታረዳቸው ነው። በግ ሲገፈፍ እግሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶ በአፍ ይነፋል፤ ቆዳው ከሥጋው ይላቀቅና መግፈፉ ይቀላል። ጎረምሶቹ በየተራ እየነፉ ጉንጫቸው ዝሎ ነበር።

"አማች! እስቲ ያን ቱቦ ወዲህ ሳበው" አለኝ።

"ለምን?"

"በጉን ንፋልና! ጎማ የነፋ በግ ያቅተዋል?"

ሰዉ ሳቀ። በዚያች ቅጽበት ማፍሰሻዋ ትዝ አለችኝ። ከከፈትኋት ስንት ጊዜ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን አላወቅሁትም። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። ቱቦውን ሳብሁት።

በጉ በአንድ ትንፋሽ ተነረተ፤ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ቀጥ አለ። እልልታ ሆነ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አራተኛው ላይ ቱቦው አፍ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቦጨቦጭ ሰማሁ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ።

ትንሽ ራቅ ብለው የሙስሊም እንግዶችን በግ ያረዱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ፤ ለአማቶቼ ከቤተሰብ አይተናነሱም። አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ ቱቦውን ወደሳቸው ጎትቶ፣ "አባባ፣ የእርስዎንም በአንዴ እንላጠው" አላቸው።

ሽማግሌው ቢላቸውን ሳያስቀምጡ ቀና አሉ። "አይ ልጄ፣ ተወኝ። እኔ በአፌ እነፋለሁ። የራሴን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ብረት ሆድ ውስጥ ያለውን ግን የሚያውቀው አላህ ነው።"

አማቼ ሳቀባቸው። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቄ ዛሬም ያስጠላኛል።

ቆዳው ሲገለጥ አየነው። ከጭኑ ጀምሮ እስከ ጎኑ ድረስ ነጩ ስብ ላይ ቡናማ ነገር ተለቅልቋል። ቀጭን ነው፤ እንደ ዝቃጭ ሻይ ያለ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ የዘይት ቀለማት ያብለጨልጫል። ሽታው ዘግይቶ መጣ። የተቃጠለ ዘይትና የዛገ ቆርቆሮ ሽታ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ከርሞ የገማ ኩሬ አለበት። የአንዱ ጎረምሳ ፊት ተኮማተረ፤ ጣቱን አሽትቶ ሣሩ ላይ ጠረገ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

አማቼ ወዲያውኑ ማዳበሪያ ከረጢት ጣል አደረገበት። "ምንም አይደል። ውሃ ነው። ይታጠባል።" ወደ እኔ ጠጋ ብሎም በጆሮዬ፣ "አፍህን ያዝ" አለኝ። "ሎሚ ይታሻል፣ በርበሬ ይገባበታል፤ ማን ይለየዋል? በአጃቢ ፊት በግ ጠፋ ልንል ነው?"

አፌን ያዝሁ። ሥጋውን በሎሚ ሲያሹት ቆሜ አየሁ። የታጠበበት ውሃ ላይ የዘይት ዓይን ተንሳፍፎ ነበር። እሱም ያየዋል፤ እኔም አየዋለሁ። ዓይን ለዓይን ስንገናኝ ሁለታችንም ወደ ሌላ እናያለን። ከሽታው ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ይሄ ነበር፤ ከማልወደው ሰው ጋር አንድ ነውር ተካፍዬ መቆሜ።

ከሰዓት በኋላ ከበጉ ጥቂቱ ለዕርዱ ላገዙት ሰዎች ተሠራ። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ትሪውን ይዘው እየዞሩ መጡና እኔ ዘንድ ቆሙ። ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጬ ዕቃ ስላመጣሁላቸው ቀኑን ሙሉ ሲመርቁኝ ነው የዋሉት። እንጀራውን ጠቀለሉ፤ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ መርጠው ከተቱበት።

"እናቴ፣ በልቻለሁ" አልኋቸው።

"ሞቼ እገኛለሁ! በሞቴ!"

በሞቴ ካሉ ምን ይባላል? አፌን ከፈትሁ።

በርበሬው ቀድሞ መጣ፤ ቀጥሎ ቅቤው። ስነክሰው ግን ሥጋው ውስጥ ያደረው ወጣ። የመኪና ሞተር ምላሴ ላይ ተኛ። ጥርሴ መሐል የዛገ ብረት የማኝክ ያህል ዘገነነኝ። እሳቸው ፊቴን እያዩ ፈገግ ብለዋል፤ መትፋት አልችልም። ዋጥሁት። ጉሮሮዬን እየለቀለቀው ሲወርድ ተሰማኝ።

"ሁለተኛ! አንድ ያጣላል" አሉ።

ሁለተኛውንም ዋጥሁ። ከዚያ ይቅርታ ብዬ ተነሳሁና መኪናዬ ጀርባ ሄድሁ። ጎማውን ተደግፌ ሁሉንም አስመለስሁ፤ መጨረሻ ላይ የወጣው አረንጓዴ ሐሞት እንኳ ዘይት ዘይት ይል ነበር።

ቀና ስል ሽማግሌው በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። "አብሽር ልጄ" አሉኝ። "ተጉመጥመጥ።"

ተጉመጠመጥሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ዝቅ ብዬ ያችን ማፍሰሻ ከፈትኋት። ጥቁር ቡናማ ውሃ ተፋች። መጀመሪያ ፈጨጭ፣ ከዚያ ወፍራም ዝቃጭ፣ ከዚያ የዝገት ቅርፊት። ሽማግሌው በኩታቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ።

"ይሄ ነው በጎቹ ውስጥ የገባው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ያረብ!" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ ብናገር የሰው ቤት ነው፣ ሥጋውም የኔ አይደለም። አንተ ግን የቤቱ ልጅ ነህ" አሉኝ።

የጣሳውን ቀሪ ውሃ አፍስሼ ዝቃጩን ቀዳሁበትና ወደ ማዕድ ቤቱ ሄድሁ። አማቴ ድስቶቹ መሐል ናቸው፤ ልጃቸውም እዚያው ቆሞ ያዛል። ሚስቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጣሳውን አሳየኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው።

አማቼ ከእናቱ ቀድሞ ተቆጣ። "ሠርግ ልታበላሽ ነው የመጣኸው? ታጥቧል አልተባለም? እናቴ፣ አትስሚው፣ ሆዱ ደካማ ነው!"

አማቴ ጣሳውን ተቀብለው አሸተቱት። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ጣሳውን አስቀመጡና ከበጉ ድስት ሥጋ አወጡ፤ በእንጀራ ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉት።

"ብላ።"

"እናቴ፣ አሁን..."

"ብላ አልሁህ። በሞቴ።"

ዓይኑ እንጀራው ላይ ቀረ። አፉ አልተከፈተም። እጃቸው ሲጠጋው ፊቱን አዞረ።

"አንተ የማትጎርሰውን ነው ለልጄ ባል ወገኖች ላጎርስ የነበረው?" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ? ከእጄ ስትጎርስ ለምን አልነገርኸኝም?"

ሚስቴ ሽንኩርቷን ትታ ታየኝ ነበር፤ ያን አስተያየቷን ባላየው በወደድሁ።

የአራቱም በግ ሥጋ፣ የተሠራውም ያልተሠራውም፣ ከጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። የቆፈርነው እኔና አማቼ ነን። ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመርንበት። በማግስቱ አጃቢዎቹ የበሬ ሥጋ በሉ፤ በግ የት አለ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። እኔ ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ ዳቦ ብቻ ገመጥሁ። ዳቦውም እጄን ይሸታል፤ እጄን በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ አሽቼው ነበር።

አማቼ ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ ነው የሚመልሰው። ሠርጉን ያዋረድሁት እኔ እንደሆንሁ ለዘመድ ሁሉ እንደነገረ ሰማሁ። ግማሹ እውነት ስለሆነ አልተከራከርሁም።

ክረምት ላይ ከቦሩ ሜዳ ስመለስ አንድ ሚኒባስ ጎማው ረግቦ መንገድ ዳር ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ ዝናብ ይመታዋል። ወርጄ ቱቦዬን ስዘረጋ ከተሳፋሪዎቹ መሐል ጋቢውን የተከናነበ አማቼን አየሁት። ሹፌሩ አመስግኖ ቱቦውን ያዘልኝ። ንፋሱ ሲለቀቅ አማቼ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገና በጋቢው አፍንጫውን ሸፈነ።

"ይሸታል" አለ፤ ለማንም ሳይሆን።

"አዎ፣ ይሸታል" አልሁት።

ጎማው ሞላ። አማቼ ሚኒባሱ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ።