አባቴን ያኮራች፣ ወልዴን ያስቀረች መኪና

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመኪናውን ዘይት ሊያስቀይር አማን ከተማ አንድ ጋራዥ ሲገባ አብሬው ነበርኩ። ከጋራዡ ጀርባ፣ ሙዝ ተክሎች ሥር፣ ጎማ የሌላት አሮጌ የፈረንሳይ መኪና ወድቃ አየሁ። ሣር በመስኮቷ ወጥቷል፤ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ ሰፍረዋል።

«አባዬ፣ እንደዚች ያለች ነበረችን ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ ልጄ።

«ነበረችን። ባትኖረን ይሻል ነበር» አልኩትና ፊቴን አዞርኩ። ሰው በብረት ቂም ይይዛል እንዴ? እኔ ቂሜያለሁ፤ ምን ይደረግ!

አባቴ የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነበር። አቤት ስታምር! ወንበሯ እንደ አዲስ ፍራሽ ያሰምጣል። ግን ዝናብ ሲነካት ታኮርፋለች፣ ፀሐይ ሲመታት ትግላለች፤ እኛ አገር ደግሞ ከሁለቱ ሌላ ምን አለ? ቡና ለቀማ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲጣደፍ እሷ ኮፈኗን ከፍታ ትቆማለች። በከተማችን በሚዛን እሷን ያልገፋ ሰው አልነበረም። ቄሱም ገፍተዋታል፣ ፓስተሩም ገፍተዋታል። አባቴ ግን ክፉ ቃል አያስነካትም፤ «መኪና እንደ ሰው ነው፣ አመል አያጣም» ይል ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወሩ ነሐሴ። ጎረቤታችን እማማ ብርነሽ ሊነጋጋ ሲል ዐረፉ። ያላቸው አንድ ልጅ ወልዴ ነው፤ እሱም ቴፒ መካኒክ ሆኖ ይሠራል። ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ የለም። የእድራችን ዳኛ አቶ መንገሻ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቤታችን መጡና እኔን ጠሩኝ።

«ሂድና ወልዴን ይዘኸው ና። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናትህ ታመዋል በለው፤ ሌላ ቃል እንዳይወጣህ።»

«ቢጠይቀኝስ?»

«ታመዋል ነው የምትለው! መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በቤት ውስጥ፣ ሰው ግራ ቀኙን ይዞት ነው የሚነገር። ጫካ ላይ ደንግጦ ቢወድቅ ልትሸከመው ነው?»

እኔም ራሴን ነቅንቄ የአባቴን መኪና ይዤ ወጣሁ። የሽማግሌ ቃል ነዋ!

ስትሄድ፣ ያቺ የማትረባ መኪና፣ አንዴም ሳታስነጥስ ቴፒ አደረሰችኝ። ጋሽ ወልዴ ጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። በዐሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ልጅ ሳለሁ ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። እግሩን እያየሁ «እማማን ትንሽ አሟቸዋል፤ ይምጣልኝ ብለዋል» አልኩት። ከሥሩ ወጣ፤ እጁን ታጠበ፤ እናቱ ብርቱካን ይወዳሉና ከገበያ አንድ ዘንቢል ሙሉ ገዝቶ ገባ። መንገዱን ሁሉ እኔ ስለ ዝናቡ አወራለሁ፣ እሱ ውጭ ውጭውን ያያል።

ሼኮ ከተማ ሳንደርስ ያለው ዳገት መሐል ላይ መኪናዋ ሦስቴ ተንተባተበችና ጠፋች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጫካው ይንጠባጠባል፤ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ጋሽ ወልዴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ከመንገዱ በላይ ጎጆዋ ያለ አንዲት ሴት ቆማ አየችንና በኮባ ቅጠል የተቀቀለ ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር ይዛልን ወረደች። «ብሉ፣ መኪና ሆድ አይሞላም» አለችን። እኔ ድርሻዬን ለጋሽ ወልዴ አቀበልኩት። የምቆጥረው ሰዓት ብቻ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ሙዝ የጫነ መኪና ደረሰና ቆመ። ወደ ሚዛን ነው የሚሄደው፤ ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ለቀብሩ በጊዜው ያደርሰዋል።

«ሂድ፣ ጋሼ» አልኩት።

«አንተን ከዚህች ጉድ ጋር ጫካ ላይ ጥዬህ? አላደርገውም። እናቴን አታውቃትም እንዴ? አምና ታማለች ብለው ጠርተውኝ ስደርስ፣ ጎደሬ ስትቆፍር ነው ያገኘኋት።»

«ግዴለህም፣ ሂድ!»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የአቶ መንገሻ ፊት ድቅን አለብኝና ዋጥኩት። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ። የመኪናው ድምፅ ዳገቱን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ስሰማው ቆየሁ።

ጋሽ ወልዴ ካርቡራተሩን ፈታ፣ ነፋ፣ ገጠመ። ከዚያ ምንም ያልሆኑትን የሞተር ካንዴላዎች አንድ በአንድ እያወጣ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። «አይበቃም?» ስለው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

በስንት ጊዜ ሞተሩ ተነሣ፤ ሚዛን ስንገባ ዐሥር ሰዓት አልፏል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየተመለሰ መንገዱን ሞልቶታል። አቶ መንገሻ መኪናዋን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። ቤት የለ፣ ግራ ቀኝ የሚይዝ የለ፤ መርዶውን መንገዱ ነገረው። ጋሽ ወልዴ በሩን ከፍቶ ወረደና ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «እናቴን! አፈር ሳላለብሳት!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

አገሩ ሁሉ መኪናዋን ረገመ። እኔም አብሬ ረገምኩ፤ ይመቸኝ ነበር። አባቴ ዓመት ሳይሞላ ሸጣት። ጋሽ ወልዴ ግን «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጋራዡ በተመለስን ማግሥት ልጄን ቴፒ አድርሰኝ አልኩት። ዛሬ ወሬ ሳይጨርሱ የሚደርሱበት አስፋልት ነው። ጋሽ ወልዴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ዐይኑ ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቀኝ። ሻይ ሳይመጣ ተናገርኩ።

«ያን ቀን አውቅ ነበር፣ ጋሼ። ሳልነግርህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

«እኔም አውቅ ነበር» አለኝ። «ጋራዡ ገብተህ፣ ጎንበስ ብለህ ዐይኔን ሳታይ ትንሽ አሟቸዋል ስትለኝ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ የሙዙ መኪና ሲመጣ ለምን አልሄድክም?»

«ከደረስኩ ልትሞትብኝ ነዋ! እዚያ ዳገት ላይ ግን ታማ ብቻ ነበረች።» ፊቱን በጋቢው ጠረገ። «አንተ እንድትናገርም እየጠበቅኩ አልነበረም። ብትናገር ግን እሄድ ነበር።»

እጄን ያዘኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን፣ ሽማግሌዎች ሆነን። ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን ቀልሎኝ አልተመለስኩም። ይህን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን ብረት ላይ ጭኜ ኖሬያለሁ። ለካ ሁለታችንም እያወቅን፣ ሁለታችንም ዝም ብለን፣ እማማ ብርነሽ ያለ ልጃቸው ተቀበሩ።