ከታች የቆመው

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን ሳይሆን ጣሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ መስኮት ነው። ብረት አላት። አምቦ ውስጥ የተቃውሞ ሰልፍ በነበረበት ሳምንት ነው። ሃያ ያህል ነበርን። ላብና እርጥብ ጆንያ ይሸታል።

ጥግ ላይ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡት አሰልጣኛችን ነበሩ። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ከልጅነታችን ጀምሮ ጂምናስቲክ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው አብጧል። ምን እንዳደረጓቸው አልጠየቅሁም።

«ላባ፣ ወንድምህስ?» አሉኝ። ቀላል ስለሆንኩ ያወጡልኝ ስም ነው።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

እውነቴን ነው። ሰው ሲበተን አንድ የግንብ አጥር ሥር ደረስን። ወንድሜ እጆቹን አቆላልፎ «ውጣ!» አለኝ። በትርኢት ጊዜም ሁልጊዜ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ ነን። ትከሻው ላይ ወጣሁ፤ ዘለልኩ። ከኋላዬ ተኩስ ሰማሁ። ማዶ ወታደሮች ጠብቀው ያዙኝ። ከላይ ሳለሁ ወደ ታች አላየሁም። ከላይ ያለ ሰው ወደ ታች አያይም፤ ካየ ይወድቃል። ጋሼ ያስተማሩን እንደዚያ ነው።

እዚያ እስር ቤትም ጋሼ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ያሠሩን ነበር፤ እሳቸው ተቀምጠው። ሲደክመን ስለ ራሳቸው አስተማሪ ያወሩናል።

«ፍራሽ የት አለ በዚያን ጊዜ? ጆንያ ውስጥ ገለባ ይሞላሉ። የምንንጠለጠልበት ብረት የውኃ ቧንቧ ነበር። ግን አንዳችንም አንገታችንን አልተሰበርንም። እጃቸው ሁልጊዜ ከጀርባችን ሥር ነበረች።»

ዘመድ አይገባም፤ የሚገባው ምሳ ዕቃ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከውጭ የሴቶች ድምፅ ሰማን። እናቴ ሁለት ምሳ ዕቃ ከያዘች ወንድሜም ሌላ ክፍል ታስሯል ማለት ነው። በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው።

ግድግዳውን ይዘው ተነሡና መስኮቷ ሥር ቆሙ። «ና፣ ውጣ።»

«ጉልበትዎስ?»

«በእኔ ጉልበት አንተ ምን አገባህ? ውጣ!»

ወንጪ ላይ ፈረስ የሚያከራዩ፣ «ኦቦ» የምንላቸው አንድ ሽማግሌ አብረውን ታስረው ነበር። «ያ ዋቃ! እንዲህ ያለ ፈረስ ቢኖረኝ ሀብታም በሆንኩ!» አሉ። ሰው ሳቀ።

ወጣሁ። ትከሻቸው ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ብረቱን ያዝኩ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«ስንት ይዛለች?»

«አንድ።»

«ታዲያ ምን አለ? እሱ ቤት ይሆናላ።»

ፊቴን ወደ ብረቱ አስጠግቼ እንደገና አየኋት።

«ላባ?»

«ጥቁር ለብሳለች፣ ጋሼ።»

አባታችን ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። ከሁለታችን ሌላ ማንም የላትም።

ቁርጭምጭሚቴን አጥብቀው ያዙ። ትከሻቸው መንቀጥቀጡን አቆመ። «እንዳትዘል» አሉ። «ቀስ ብለህ። ይዤሃለሁ።»

ወረድኩ። መውደቅ ፈልጌ ነበር። ግን እሳቸው ዘንድ የወረደ ሰው እግሩን ገጥሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ካላነሣ ሥራው አይቆጠርም። ቢያመውም። እግሬን ገጠምኩ። እጆቼን አነሣሁ። ጋሼም በዚያ ጉልበታቸው አጠገቤ ቆመው እጃቸውን አነሡ። ኦቦም ከተቀመጡበት ተነሡ። 

ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሼ ዛሬ ያነክሳሉ። ወንበር ላይ ሆነው ያሠለጥናሉ። ጭብጨባው ሁልጊዜ ለእኛ ነው፤ ለአሰልጣኝ ያጨበጨበ ሰው አላየሁም። እኔም አንድም ቀን «አመሰግናለሁ» ብያቸው አላውቅም። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ከእስር ከወጣን በኋላ አንድ ሕግ ጨምረዋል። ከላይ የነበረ ሰው ወርዶ እጁን ካነሣ በኋላ ዞሮ የተሸከመውን ሰው ያያል። ዓይን ለዓይን። ለምን እንደሆነ ለሠልጣኞቹ አልነገሯቸውም።

አሁን ከታች የምቆመው እኔ ነኝ። ትከሻዬ ላይ የምትወጣው ልጅ ትወርዳለች፣ እጇን ታነሣለች፣ ዞራ ታየኛለች። እኔ ግን እስካሁን ዓይኔን ከመሬት ማንሣት አልቻልኩም።