«የቡራዩ ኔት ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ሱሉልታ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሱሉልታ ነኝ፤ እዚህ ኔት እንደዚህ ነው» ሲል ሰማሁት። የከተማውን ስም የጠራው እንደ ሕመም ነው። ለቅሶ ቤት ሰው አይመከርምና ንፍሮዬን መቆርጠሜን ቀጠልኩ። ውስጤ ግን ነደደ። «እዚህ እንደዚህ ነው» ከምትለዋ ንግግር ጋር ከወጣትነቴ ጀምሮ ተጣልተን ነው የኖርነው።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕንፃ አማካሪ ድርጅት ንድፍ እሠራ ነበር። ጫልቱም እዚያው ነበረች፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። እኔ ከቡራዩ፣ እሷ ከሰበታ ታክሲ ተጋፍተን ስንደርስ የጉልበታችንን ግማሽ መንገድ በልቶት ነበር። ከዚያ ጫልቱ ወለደች። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገብታ፣ ልጁ ጠንከር እስኪል ከቤቷ ሆና እንድትሠራ ጠየቀች። እኔም ላግዛት አብሬያት ገባሁ።

«ሰበታ መኖርና አዲስ አበባ መሥራት አብሮ አይሄድም» አላት። «አንዱን ምረጪ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የተናገረው ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

«ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ምን ልዩነት አለው?» አልኩት።

«የእናንተ ሰፈር ኢንተርኔት?» ፈገግ አለ። «ሞክሩት። እስከ መስከረም ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።»

በዚያው ሳምንት ሁለታችንም መልቀቂያ አስገባን።

አባቴ ቡራዩ ዋናው መንገድ ላይ የሕንፃ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ቀለም የሚከመርባትን ጠባብ ክፍል ለቀቀልኝ። እስከ ዛሬ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ሲሸተኝ ሥራ የምጀምር ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ደንበኛም ያመጣልን እሱ ነው። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የሱሉልታ ሰው ከእሱ ብረት ይገዙ ነበር፤ የሚከራይ ፎቅ ሊሠሩ አስበው ለማዘጋጃ ቤት የሚያስገቡትን ንድፍ ለእኛ ሰጡን። ቀጠሮው ከክረምቱ መውጣት በፊት ነበር። ካለፈባቸው ሌላ ንድፍ አውጪ ይፈልጋሉ፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን ወደ ቢሮው እንመለሳለን።

ንድፎቹን በሙሉ እኔ ጋ ባለው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥን። ጫልቱ ከሰበታ ሆና እንድትከፍታቸው ደግሞ ከየትም እያነበብኩ ቪፒኤን ሰርቨር አቆምኩ። ብዙ ሰው ቪፒኤን ሲባል የተዘጋ ነገር መክፈቻ ብቻ ይመስለዋል። የእኛ ግን ከእሷ ሳሎን እስከ እኔ ጓዳ የሚደርስ፣ ሌላ ሰው የማይገባበት የግል መንገድ ነበር። የተገናኘን ዕለት በስልክ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ጫልቱ የመሬቱን ወለል ንድፍ ልክፈት አለች። ልጇን አጥብታ፣ አስተኝታ፣ የሽንት ጨርቁን አጥባ ስትመለስ ንድፉ ግማሽ ላይ ተገትሮ ነበር።

ኢንተርኔት ወደሚያቀርብልን ድርጅት ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ «ችግሩ አካባቢው ላይ ነው» አለችኝ። ኮምፒውተር የሚያውቅ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ «የቡራዩ ኔት ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ። አባቴም ሻይ ይዞልኝ ገብቶ «ከሰፈር ጋር አትታገይ ልጄ» አለ። ሦስቱም የተናገሩት በርኅራኄ ነው። ሦስቱም ግን አልለኩም።

እኔ ለካሁ። ቪፒኤኑን አጥፍቼ የቡራዩን መስመር ብቻውን ስሞክረው ፈጣን ባይሆንም ደህና ነበር። ዋይፋዩን ትቼ ከሱቅ ገመድ አምጥቼ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ሰካሁት። ሰርቨሩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዛወርኩት። ምንም አልተለወጠም። ቡራዩ ጥፋተኛ ካልሆነች እንግዲህ ሰበታን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ የገፈርሳን ባሕር ዛፍ ሽታ እስከ ዋናው መንገድ ያወርደዋል። በአስኮ ወርጄ፣ አየር ጤና ላይ በጭቃ ተሰልፌ፣ ጉልበቷ ላይ ጥቅል ጎመን ከተሸከመች ሴት አጠገብ ተጣብቄ ዓለም ገናን አለፍኩ። የሚኒባሱ መስታወት በትንፋሽ ታፍኗል። ሰበታ ስወርድ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየጋጥኩ ወደ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ይህንን መንገድ አራስ ሴት በየቀኑ ትመላለስ ያለው ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን እንኳ አልሄደበትም እያልኩ፣ በየርምጃው እልኬ ይጨምር ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ አዴ ሎሚ፣ የጫልቱ አማት ናቸው።

«አካም ጅርቱ?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ። ሴኒ፣ ግቢ፤ በስብሰሻል።»

ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ አቀረቡልኝ። በልቼ እስክጨርስ ታገሡኝና ተናገሩ። «ልጄ፣ አንቺ አልወለድሽም፤ አልፈርድብሽም። ይቺን ልጅ ግን በከንቱ አታድክሚያት። እንቢ ያለ ነገር እንቢ ብሏል።»

«አዴ፣ እኛም እንቢ ብለናል» አልኳቸው። «ዛሬን ብቻ ይፍቀዱልን።»

ሳህኑን አንስተው ሄዱ።

የጫልቱን መስመርም ለካሁት። ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይጫወታል፤ ኢሜይልም እንደ ልብ ይሄዳል። ሁለቱም ጫፍ ጤነኛ ነው፤ በሽታው መሀል ነው። ስልችት ብሎኝ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለሁ ጫልቱ እንደ ቀላል ነገር «የሚገርመኝ እኮ» አለች፣ «የፋይሎቹ ስም ወዲያው ነው የሚመጣው። ትንንሾቹም ይከፈታሉ። ትልቁን ስነካ ነው የሚገተረው።»

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። መስመር ቀርፋፋ ከሆነ ትልቁም ትንሹም እያዘገመ ይደርሳል እንጂ አንዱ አልፎ ሌላው አይገተርም። በኢንተርኔት የሚሄድ ነገር ሁሉ ተቆርጦ በትንንሽ እሽግ ነው የሚጓዘው። ቪፒኤኑ ደግሞ ማንም እንዳያየው እያንዳንዱን እሽግ በሌላ መሸፈኛ ይጠቀልለዋል። እሽጉ ከመጀመሪያው ሙሉ ከሆነ፣ መሸፈኛው ሲጨመርበት መንገዱ ከሚያሳልፈው በላይ ይወፍራል። መንገድ ላይ ይወድቃል፤ እንደገና ይላካል፤ እንደገና ይወድቃል። ትንሹ ጽሑፍ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ይህን ሳነብ ቆይቻለሁ፤ በእኛ ላይ የደረሰው እሱ መሆኑ ግን እስከዚያች ደቂቃ አልታየኝም።

ልጁ አለቀሰ። እኔ ትከሻዬ ላይ አድርጌው ቆምኩ፤ ጫልቱ ኮምፒውተሩን ያዘች። ሳይቆረጥ የሚሄድ የሙከራ እሽግ፣ መጠኑን በቁጥር እየወሰነች፣ ወደ ቡራዩ እንድትልክ ነገርኳት።

«ሺህ አምስት መቶ ብለሽ ላኪ።»

«አልደረሰም።»

«ሺህ አራት መቶ ሃምሳ።»

«አልደረሰም።»

«ቀንሺ።»

«እሱም የለም። ሰዓዳ፣ ይሄ ነገር...»

«ቀንሺ አልኩሽ።»

ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ ጫልቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ደረሰ» አለች። ደግማ ላከች። ደረሰ።

ሰርቨሩ የሚልከውን የእሽግ መጠን ከዚያ በታች ዝቅ አደረግነው፤ ትእዛዙ ትንሽ ጽሑፍ ስለነበር በዚያው በደካማው መንገድ ሾልኮ ቡራዩ ገባ። በጫልቱም በኩል እንዲሁ አስተካከልን። ከዚያ የመሬቱን ወለል ከፈተች። እንደ መብረቅ አልመጣም፤ የቤት መስመር የቤት መስመር ነው። ግን ሳይገተር መጣ። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ መስኮቶቹ ተራ በተራ ተሰለፉ።

አዴ ሎሚ ድምፃችንን ሰምተው ከኋላችን ቆመዋል። «ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የኦቦ ገመቹ ነው፤ ሱሉልታ የሚሠራ።»

ጥቂት ተመለከቱት። እጃቸውን ዘርግተው ልጁን ከትከሻዬ ወሰዱትና «በሉ ሥሩ» አሉን።

ሠራን። ንድፉ በቀጠሮው ገባ። መስከረም ላይ ሥራ አስኪያጃችን ደወለልኝ፤ ሥራ በዝቶበታል፣ ጫልቱም ከቤቷ ብትሠራ አይከፋውም፤ ተመለሱ አለ።

«አሁን ለእኛ ሩቅ የሆነው አዲስ አበባ ነው» አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና ሆነ ብዬ አልዋሽም። መብራት ሄዶ የተቀመጥንበት ቀን ብዙ ነው፤ አድራሻችንን ሰምቶ የሸሸ ደንበኛም አለ። መስመሩ በእውነት የሚበላሽበት ጊዜ እንዳለም አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። እንደዚያ ሲሆን ግን ተለክቶ ይነገረኝ። የከተማ ስም ምክንያት አይደለም። የሰው ልጅ ያልመረመረውን ነገር በሰፈር ሲያሳብብ፣ ሰፈርተኛውም አምኖ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ማየት ዛሬም ደሜን ያፈላዋል።

እኔና ጫልቱ አሁንም አብረን እንሠራለን፤ ያ ትከሻዬ ላይ ያለቀሰው ልጅ ከእናቱ ቁመት አልፏል። አዲስ ደንበኛ ሲደውል ከሁሉ በፊት «ቢሯችሁ የት ነው?» ይላል። «ቡራዩና ሰበታ» እላለሁ። ከወዲያ በኩል ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ፤ ያንን ዝምታ መጀመሪያ የምሰብረው እኔ አይደለሁም።