የስለቱ አትሮንስ

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ስሜን ከመፈረም በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህን ግን ለሰው መናገር ስላልሆነልኝ ጻፍሁት።

ያሳደጉኝ አጎቴ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ሰው ስለማፍር ከጓሮ በኩል የማለስለሻውን ማሽን ሰጡኝ። እንጨቱ ላይ አስቀምጠው በእጅ ሲገፉት፣ የብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ እየዞረ እንጨቱን ይፍቃል።

«አትጫኚው፤ ክብደቱ ይበቃዋል። አንድ ቦታ ከቆምሽ ይቆፍርልሻል» ይሉኝ ነበር።

ስጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ዓይን ያላየውን እጃቸው ያገኘዋል።

«ይኼ ጠረጴዛ ነው ወይስ ጣና? ማዕበሉ በዛብኝ እኮ!» ሲሉኝ እየሳቅሁ እንደገና እጀምራለሁ።

በሕፃንነቴ በጠና ታምሜ ሳለሁ፣ ብትተርፍልኝ ብለው ለደብራችን አትሮንስ ተስለው ነበር። ተረፍሁ። የደንበኛ ሥራ እያስቀደሙ ግን ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ ሲውሉ፣ «የስለት ዕዳ ይዤ ልሂድ እንዴ?» አሉ። ዋንዛውን ራሳቸው ቆርጠው አዘጋጅተውት ስለነበር የቀረው ማለስለስና መገጣጠም ብቻ ነው።

እንዲደርስላቸው ቸኮልሁ። መጽሐፉ የሚዘረጋበትን ሰሌዳ ሳለሰልስ ባለቤታቸው ደወሉ። ስልኩ ሲጮኽ ሞቱ ብዬ ደነገጥሁና ማሽኑን ሳላነሳ ዞርሁ። ለካ አጎቴ አትሮንሱን ሊያዩት ፈልገው ኖሯል። ስመለስ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የምታርፍበት ስርጉድ ተቆፍሯል። ዙሪያውን እኩል ላውርደው ብል ሰሌዳው ይሳሳል፤ ሌላ ልቁረጥ ብል ጊዜ የለም። እንዲሁ ገጣጥሜ በባጃጅ ወሰድሁት። መንገዱን ሙሉ የምሰማውን ቁጣ አስብ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር ቀና አድርገን ደገፍናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በሰሌዳው ላይ አሳለፉ። ስርጉዱ ላይ ደረሱ። እጃቸው አልቆመም። ተመልሰው አለፉበት፤ አሁንም አልቆመም።

ምነው በተቆጡኝ አልሁ በልቤ። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትሁ። ብነግራቸው ግን እጃቸው እንደከዳቸው ይገባቸዋል። አትሮንሱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

በማግስቱ አረፉ። ዛሬ ያ አትሮንስ ደብራችን ውስጥ ይነበብበታል፤ መጽሐፉ ስለሚሸፍነው ስርጉዱን ያየ የለም። እኔ ግን በደረስሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ነው። ያን የዳሰሱት ዕለት አትሮንሱን መልሰው ሲያስታቅፉኝ ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

«ለስልሷል፣ ልጄ። ሳይመሽ ደብሩ ውሰጂልኝ። እንዳታፍሪ ደግሞ፤ ጮክ ብለሽ ስለት ነው በያቸው።»