ጋሽ ደምለውና ባለሁለት ወንበሯ መኪና

መካኒኩ ጋሽ ደምለው ዐረፉ። መተማ ያላችሁ ሰምታችኋል፤ የቀበራችኋቸውም እናንተው ናችሁ። ይህን የምጽፈው ኮኪት፣ ገለጉና ሸሕዲ ላላችሁ፣ አጨዳው ሲያልቅ ወደ ጎጃምና ወደ ወሎ ለተመለሳችሁ፣ ትራክተራችሁን ላስነሡላችሁና ጓዛችሁን ላስቀመጡላችሁ ሁሉ ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቤት መቀመጥ ሲያቅበጠብጠኝ ጋራዣቸው አስገብተው ሙያ ያስተማሩኝ ልጅ ነኝ። ማሳመር አልችልበትም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጋሽ ደምለው ቁጡ ነበሩ። መፍቻ ከቦታው ከታጣ የጋራዡ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ይጮኻሉ። ሰው አደራ የሰጣቸውን ነገር ግን እንደ ዓይናቸው ያዩታል። የቀን ሠራተኞች ጓዛቸውን እሳቸው ዘንድ ሰቅለው ነበር ወደ እርሻ የሚወርዱት። የአንዱን ጎጃሜ ጋቢ ምስጥ እንዳይበላው ደጋግመው ሲያራግፉለት ዐይቻለሁ። «ሰው ዕቃውን ሲሰጥሽ ግማሽ ልቡን ጥሎ ነው የሚሄደው» ይሉኝ ነበር።

የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሐጂ ዑስማን የሚባሉ የካርቱም ነጋዴ በጋላባት በኩል ተሻግረው መጡ። የመጡት በእንግሊዝ ስሪት የስፖርት መኪና ነው፤ አረንጓዴ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ። ከዚህ ወዲያ ባለው መንገድ አላምናትም ብለው እሳቸው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥሉ ቁልፉን ለጋሽ ደምለው ሰጡ። «አማና» አሉ፤ በእኛ አደራ መሆኑ ነው።

ከተማው ሁሉ ሊያያት ጎረፈ።

«ጋሽ ደምለው፣ ይቺ ስንት ኩንታል ሰሊጥ ትጭናለች?» አላቸው አንድ ገበሬ።

«አንተን ብቻ! እሱንም ጫማህን አውልቀህ።»

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባትሪዋ እንዳይሞት ያስነሧታል። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። «መሪዋ ሐሳብሽን ይሰማል፤ ፍሬኗ አይዋሽም» ይሉኛል። «ሆዷ ግን ድመት አያሳልፍም። የተፈጠረችው ለአስፋልት ነው፤ ዋልካ ጭቃ ላይ ብትወርድ አለቀላት።»

አንድ ጊዜ ግን ተሳሳቱ። እኛ አገር የማሽላ ገለባ እንዳይገባበት የትራክተር ራዲያተር ላይ ስስ ጆንያ ይታሰራል። ለእሷም እንደዚያው አሰሩላት። ቆማ ስትሠራ ውኃዋ ፈላ። እንፋሎቱ መካከል ቆመው ሣቁ፤ «አፈንኳት እኮ! ትራክተር መሰለችኝ» አሉ። ወዲያው ለሐጂ ዑስማን ደውለው ነገሯቸው። ባይነግሯቸው ማን ያውቅ ነበር?

ባለፈው መኸር አንድ ጠዋት ትራክተር ሥር ተኝተው ሲሠሩ ደረታቸውን ያዛቸው። አምቡላንሷ ወደ ገጠር ወጥታለች፤ ባጃጅ ሆስፒታሉ ያለበት ሸሕዲ ድረስ አይደፍርም። የመኪናዋን ቁልፍ አነሣሁ።

«እሱ የሰው አደራ ነው፣ አንቺ ልጅ!»

«እርስዎ ከሞቱ ማን ሊጠብቀው ነው? ይግቡ!»

በእኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይሄድም። ራሱን የሚደግፍ፣ ውኃ የሚያቀብል፣ ሐኪም የሚለምን ሰው አብሮት ይጫናል። ባለቤታቸው እትዬ የሽ ጋቢና ፔርሙስ ይዘው እየሮጡ ደረሱ። በሩን ከፈቱ። ከወንበሮቹ ኋላ ለጋቢው እንኳ ቦታ የለም።

«እኔስ? እኔ የት ልሁን?»

«የሽዬ፣ በሚኒባስ ድረሽ» አሏቸው ጋሽ ደምለው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አስፋልቱ ላይ እንዲያ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ኮኪት ውልብ ብላ ቀረች። ጋሽ ደምለው ላብ እያጠመቃቸው «ካምቢዮ ቀይሪ፣ አታስጩሂያት» ይሉኛል። «ዝም ብለው ይተንፍሱ!» እላቸዋለሁ። አስፋልቱ ተቆርሶ ወደ ጥርጊያው በወረድንበት ቦታ ሆዷ ድንጋይ ጋጠ። ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ለደረታቸው ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

በሕይወት አደረስኳቸው። ሐኪሞቹም ሮጠው ተቀበሏቸው።

«የሽ መጣች?» አሉኝ ከአልጋው ላይ።

«እየመጡ ነው።»

ሚኒባሱ ግን ሰው እስኪሞላ መናኸሪያ ቆሞ ነበር። እትዬ የሽ ሲደርሱ የፔርሙሱ ሻይ ገና ትኩስ ነው፤ ጋሽ ደምለው ግን አልፈዋል።

ሐጂ ዑስማን ስልክ ላይ አለቀሱ፤ ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አልጠየቁኝም። ሌላው ሰው ግን ይጠይቀኛል። ፍጥነቷ እውነት ነው፤ ውበቷም። የሆዷ ዝቅ ማለትም ያን ያህል አልጎዳንም። የሠሯት ሰዎች ግን ሚስት ባሏን ይዛ ሐኪም ቤት የምትሮጥበት ቀን እንዳለ አላሰቡም። እኔ መኪናዋን በዚህ ይቅር አልላትም።

ጋሽ ደምለው፣ በቀብርዎ ዕለት መኪና የሚባል አላስነሣንም። ከቤትዎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በትከሻ ተሸከምንዎት። የቀን ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ፤ ከማዶ የተሻገሩት ሱዳኖችም ከኋላችን ነበሩ፤ መንገዱ ሞላ። እትዬ የሽ ከአጠገብዎ አልተለዩም፤ የቃሬዛውን ዘንግ እንደያዙ ጉድጓዱ አፍ ድረስ አብረውዎት ሄዱ። ዞር ይበሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። ደኅና ይሁኑ።